ምዕራፍ 7፦ መጥፎ ወሬ ቀድሞ የሚደርስበት ቡድን

ከአዋሽ ከተማ ተነስቶ ወደ ሰመራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ገዋኔን አልፎ አዳይቱ ይደርስና ወደ ሚሌ ይቀጥላል። የጂቡቲን ወደብ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች ቀን ከሌት የማይጠፉበት፣ ሙቀቱ ሰውንም ጎማንም የሚፈትንበት መስመር ነው። አዋሽ ወንዝም በዚያው አቅጣጫ ቁልቁል ወርዶ በዲኪካና በሐዳር መካከል ያልፋል። አብዛኛው መንገደኛ ይህን አገር የሚያልፈው የአውቶቡሱን መጋረጃ ዘግቶ፣ እንቅልፍ ወስዶት ነው፤ በዚያ ሙቀት አይፈረድበትም። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ምድር ግን ስሙን ጠፈር ድረስ ልኳል። ከማርስ አልፎ ፀሐይን የሚዞር ድንቅነሽ የተባለ አስትሮይድ አለ። ድንቅነሽን ደግሞ ሰላም የተባለች ጨረቃ ትዞራታለች። ዶናልድጆሃንሰን በተባለው ሌላ አስትሮይድ ላይ ካሉት ሁለት ጉብታዎች አንዱ አፋር፣ ከለስላሳ ሜዳዎቹም አንዱ ሐዳር ተብለው በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መዝገብ ሰፍረዋል።

እነዚህን ስሞች እዚያ ያደረሰቻቸው ሉሲ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ናት። የስሞቹ ነገር ደስ ቢያሰኝም ይህን ምዕራፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ አመራርና ስለ ቡድን ሥራ የሚያወሩ መጻሕፍት በየመደብሩ ሞልተዋል፤ ስለ ራእይ፣ ስለ ተነሳሽነት፣ ስለ ቆራጥነት ይሰብካሉ። የጠፈር በረራን ታሪክ ያገላበጠ ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ተራ የሚመስል ነገር ያገኛል፤ ይኸውም መጥፎ ወሬ ከታች ወደ ላይ ሳይሸራረፍና ሳይዘገይ መድረሱ ነው። ወሬው የደረሰበት ቡድን በሚሊዮን የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የተበላሸ መሣሪያ ያስተካክላል። ወሬው መንገድ ላይ የቀረበት ቡድን ግን ሰው አሳፍሮ ያቃጥላል። የአፋር አርብቶ አደር ይህን ያወቀው ሮኬት ከመሠራቱ እጅግ ቀድሞ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ሉሲ የተተኮሰችው ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ከፍሎሪዳው ኬፕ ካናቬራል ነበር። ስሟን የወረሰችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ከተገኘችው፣ እኛ ድንቅነሽ ከምንላት የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካላት ቅሪተ አካል ነው። ያቺ የሰውን አመጣጥ እንዳስረዳች፣ ይህችም የሥርዓተ ፀሐይን አፈጣጠር ታስረዳለች ተብሎ ነው። ጉዞዋ 12 ዓመት ይፈጃል። መዳረሻዋ ጁፒተር ፀሐይን በምትዞርበት መንገድ ላይ፣ ከፊቷና ከኋላዋ አጅበው የሚዞሩት ትሮጃን የተባሉ አስትሮይዶች ናቸው። በዚያ ርቀት የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ካለው ከ25 እጥፍ በላይ ይደክማል። ስለዚህ መንኮራኩሯ ሁለት ግዙፍ ክብ የሶላር ፓነሎች ተገጥመውላታል። ምድር አጠገብ 18,000 ዋት ገደማ የሚያመነጩት እነዚህ ፓነሎች ጁፒተር ርቀት ሲደርሱ የሚሰጡት 500 ዋት ያህል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፓነል ታጥፎ ሲቀመጥ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሲዘረጋ ግን ከዳር እስከ ዳር 7 ሜትር ያልፋል። አከፋፈቱ እንደ እጅ ማራገቢያ ነው፤ ሞተር አንድ ገመድ ይጠቀልላል፣ ገመዱ የታጠፈውን እየጎተተ ያዞራል፣ ክቡ 360 ዲግሪ ሲሞላ መቆለፊያው ይይዛል።

አንደኛው ፓነል ተዘርግቶ ተቆለፈ። ሁለተኛው ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

ጥቂት ናት፤ ግን ያልተቆለፈ ፓነል የላላ ፓነል ነው። ዋናው ሞተር ተለኩሶ መንኮራኩሯ ስትገፋ ፓነሉ ቢወዛወዝ ወይም ቢቀደድስ? የ12 ዓመቱ ሥራ ገና በመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ውስጥ ገባ። ባለጉዳዮቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። ሳይንሱን የሚመራው የሳውዝዌስት ሪሰርች ኢንስቲትዩቱ ሃል ሌቪሰን፣ አጠቃላይ ሥራውን የሚያስተዳድረው የናሳው ጎዳርድ ማዕከል፣ መንኮራኩሯን የሠራው ሎክሂድ ማርቲን፣ ፓነሎቹን የሠራው ኖርዝሮፕ ግሩማን። የእኛን መሥሪያ ቤቶች የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ምን እንደሚጠብቅ መገመት አያቅተኝም፤ ደብዳቤ ነው የሚጠብቀው። ፓነል ሠሪው "የገጠመው ይጠየቅ" ይላል፣ ገጣሚው "የተረከብኩት እንዲህ ሆኖ ነው" ይላል፣ አስተዳዳሪው አጣሪ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ኮሚቴውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአበል ጥያቄ ያቀርባል።

ያ አልሆነም። የአራቱም ተቋማት መሐንዲሶች በሰዓታት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ያህል በአንድ ቡድን ተሰባሰቡ። ናሳም ችግሩን በማግሥቱ ለሕዝብ ተናገረ። ከዚያ የተከተለው ሥራ የሚያስቀና ነው። ሄዶ ማየት አይቻልም፤ መንኮራኩሯ በየሰዓቱ እየራቀች ነው። ስለዚህ አነስተኛ መግፊያ ሞተሮቿን እየለኮሱ ፓነሉ እንዴት እንደሚርገበገብ ለኩ። ርግብግቢቱን ከሞዴላቸው ጋር እያስተያዩ ፓነሉ ምን ያህል እንደጠነከረ ገመቱ። መጨረሻ ላይ ገመዱ ውጥረቱ ላልቶ መጠቅለያው ላይ በወጉ ሳይጠቀለል ቀርቷል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ምድር ላይ ተመሳሳይ ሞተርና ገመድ ይዘው ወራት የፈጀ ሙከራ አደረጉ።

ሁለት ምርጫ ነበር። እንዳለ መተው፣ ወይም ዋናውንና መጠባበቂያውን ሞተር በአንድ ላይ አስነስቶ ገመዱን በበለጠ ጉልበት መጎተት። ሞተሮቹ አንድ ላይ እንዲሠሩ የታሰቡ አልነበሩም። ቡድኑ ቸኩሎ አልጎተተም፤ ፈርቶም አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከግንቦት እስከ ሰኔ ባሉት ሳምንታት ሰባት ጊዜ ትእዛዝ ላከ። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ፓነሉ ትንሽ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከ360 ዲግሪ ውስጥ በ353 እና በ357 መካከል ደረሰ። መቆለፊያው አሁንም አልያዘም። ነገር ግን ፓነሉ ከበፊቱ በእጅጉ ተወጥሯል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ እንደገና ተሞከረ፤ የተገኘው ለውጥ ኢምንት ነበር። በቀጣዩ ወር ውሳኔ ተሰጠ፤ ሙከራው ይብቃ፣ እንዳለች ትሂድ።

እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ የአመራር ውሳኔ የምለው ይህን የመጨረሻውን ነው። ስምንት ጊዜ መሞከር ትጋት ይጠይቃል፤ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን አለመሞከር ግን ድፍረት ይጠይቃል። "ያልተቆለፈ ፓነል ይዘን ነው የምንሄደው" ብሎ ለበላይ አለቃም ለግብር ከፋዩም በግልጽ መናገር የሚቻለው፣ ቁጥሩ ከታች የመጣው እንዳለ ከሆነ ብቻ ነው። ከታች ያለው መሐንዲስ አለቃውን ለማስደሰት 357ቱን 360 ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የሚቀጥለው ውሳኔ ሁሉ በውሸት ላይ ይቆም ነበር።

አሁን ወደ አፋር።

በአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ብቻ አይተላለፉም። ጥላ ካለ ጥላ ሥር፣ ከሌለም ባሉበት ቁጢጥ ይላሉ። ሰላምታው ረጅም ነው። ከዚያ ወሬ መጠያየቅ ይጀመራል፤ ዳጉ ይሉታል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ የትኛው ኩሬ እንደደረቀ፣ ከብት የት እንደታመመ፣ ማን ግመል እንደጠፋው፣ ማን እንደሞተ፣ ምን ዓይነት እንግዳ ወደ አካባቢው እንደገባ ይነገራል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ለብቻ፣ በጆሮው የሰማውን ለብቻ አድርጎ ያቀርባል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ይጨምራል። አድማጩ አያቋርጥም፤ ሲጨርስ ይጠይቃል። ተራው ሲደርስ እሱም የያዘውን ያወርዳል። ሲለያዩ ሁለቱም አዲሱን ወሬ ለሚቀጥለው ሰው የማድረስ ግዴታ ይዘው ነው። ቸኩያለሁ ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሐሰት ያወራ ሰው ደግሞ በባሕላዊው ሕግ ይጠየቃል፤ ከዚያም የከፋው ከዚያ ወዲያ ማንም የማያምነው መሆኑ ነው።

ስለ ዳጉ የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚያደንቁት ፍጥነቱን ነው። ስልክ ባልነበረበት ዘመን ወሬ እንዴት ያን ሁሉ በረሃ እንደሚያቋርጥ ይተርካሉ። እውነት ነው፣ ይደነቃል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ዓይንና ጆሮ መለየታቸው ነው። ያየሁትና የሰማሁት አንድ ከረጢት ውስጥ ሲገቡ ወሬው ሐሜት ይሆናል። በዚያ በረሃ ሐሜትን አምኖ መንጋውን ወደ ደረቀ ኩሬ የነዳ ሰው ከብቱን ይቀብራል። ስለዚህ ዳጉ ጨዋታ ወይም ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የሕይወት ዋስትና ነው። ሌላም ነገር አለ። መጥፎ ወሬ ያመጣ ሰው በዳጉ አይገሠጽም። ኩሬው መድረቁን የተናገረ እረኛ ኩሬውን ያደረቀው እሱ የሆነ ያህል ፊት አይነሳም።

የጠፈር በረራ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚሠራውም በዚሁ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን መስኮት ያያል፤ አንዱ ኤሌክትሪኩን፣ አንዱ ነዳጁን፣ አንዱ አቅጣጫውን። የበረራው ኃላፊ ከመተኮሱ በፊት ዞሮ እያንዳንዱን ይጠይቃል፤ የተጠየቀው "እንሂድ" ወይም "አንሂድ" ይላል። ከሁሉ ያነሰ ማዕረግ ያለው ሰው "አንሂድ" ካለ ሮኬቱ ይቆማል። ይህ ሥርዓት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማየት እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1969 የተነሳውን አፖሎ 12ን ማስታወስ ይበቃል።

አፖሎ 12 በዝናብ ነበር የተነሳው። ከተነሳ 36 ሰከንድ ተኩል ላይ መብረቅ መታው፤ 52ኛው ሰከንድ ላይ ደገመው። የጠፈርተኞቹ ክፍል የማስጠንቀቂያ መብራት ሁሉ በአንድ ጊዜ በራ። ሂዩስተን ያሉት ስክሪኖች ትርጉም የሌለው ቁጥር ይዘረግፉ ጀመር። የበረራው ኃላፊ ጌሪ ግሪፊን የመተኮስ ሂደትን ሲመራ የመጀመሪያው ነበር። ሰዎቹን አምልጡ ብሎ ጉዞውን ማቋረጥ በእጁ ነው፤ ለመወሰን ያለው ጊዜ ደግሞ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። የኤሌክትሪኩን መስኮት የሚከታተለው ጆን አሮን የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ያን የተመሰቃቀለ የቁጥር አሰላለፍ ከዓመት ገደማ በፊት በአንድ የምድር ላይ ሙከራ ጊዜ አይቶት ያውቅ ነበር። ያኔ የማንም ትእዛዝ ሳይኖርበት መንስኤውን አሳድዶ አግኝቶታል። አሁን አንድ ስዊች ወደ መጠባበቂያው እንዲዞር ሐሳብ አቀረበ። ስዊቹ ከመረሳቱ የተነሳ ግሪፊን አላወቀውም። መልእክቱን ወደ መንኮራኩሩ የሚያስተላልፈው ሰው አላወቀውም። አዛዡ ፒት ኮንራድም አላወቀውም፤ ምንድን ነው እሱ ብሎ ጠየቀ። ከጎኑ ካሉት አለን ቢን ብቻ የት እንዳለ አስታወሰና አዞረው። ቁጥሮቹ ተመለሱ፤ ሰዎቹም ጨረቃ ላይ ደርሰው ተመለሱ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች የአሮንን ጭንቅላት ያደንቃሉ። እኔ ግሪፊንንም አደንቃለሁ። የማያውቀውን ነገር ከ26 ዓመት ልጅ ሰምቶ "እርግጠኛ ነህ? ማነው የፈቀደልህ?" ሳይል አሳለፈ። ያን ማድረግ የቻለው አሮን በዓይኑ ያየውን እንደሚናገር ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። እምነት በዚያች ሰከንድ አይሠራም፤ ቀደም ብሎ በብዙ ልምምድ ተጠራቅሞ ለዚያች ሰከንድ ይወጣል።

ተቃራኒው ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1986 ምሽት፣ ቻሌንጀር የተባለው የናሳ መንኮራኩር ሰው አሳፍሮ ሊነሳ አንድ ሌሊት ቀርቶት በስልክ ስብሰባ ተደረገ። የሮኬቱን ማስወንጨፊያ የሚሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች "የነገው ብርድ ያሰጋናል" አሉ። የማስወንጨፊያውን ክፍሎች የሚያያይዘው የጎማ ማሸጊያ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ሲደርቅ የጋለውን ጋዝ አያግድም። ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አይተኮስ ብለው በጽሑፍ አቀረቡ። ከእነሱ አንዱ ሮጀር ቦይዝጆሊ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በብርድ ከተተኮሰ በረራ የተመለሱ ክፍሎችን ፈትሾ በማሸጊያዎቹ መካከል ያለው ቅባት ጠቁሮ በዓይኑ አይቷል። ጋዝ አልፏል ማለት ነው። ናሳ በኩል ያሉት ኃላፊዎች ተቆጡ፤ የመተኮሻው ቀን ተደጋግሞ ተራዝሟል። የኩባንያው አለቆች ስልኩን ለጊዜው ዘግተው ለብቻቸው ተማከሩና ሐሳባቸውን ቀየሩ። መሐንዲሶቹ ያኔ አልተጠየቁም። የማስረጃው ሸክምም ተገልብጦ ነበር፤ "ደህና መሆኑን አረጋግጡ" በማለት ፋንታ "አደገኛ መሆኑን አረጋግጡ" ተባሉ። በማግሥቱ ጠዋት ሙቀቱ 2 ዲግሪ ነበር። ቻሌንጀር ከተነሳ በ73ኛው ሰከንድ ፈራረሰ። ሰባቱም ሰዎች አለቁ።

በምርመራው ከወጣው ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ በናሳ የመጨረሻውን "ተኩሱ" የሚሉት ከፍተኛ ባለሥልጣናት የዚያን ምሽት ክርክር አልሰሙም ነበር። ወሬው መካከለኛ አለቆች ዘንድ ደርሶ ቆመ። ከ17 ዓመት በኋላ ኮሎምቢያ በተባለው መንኮራኩር ላይም የሆነው ሲተነተን ይኸው ነው። ሲነሳ ክንፉን የመታውን የአረፋ ቁራጭ ያዩ መሐንዲሶች "ጉዳቱ በሳተላይት ፎቶ ይታይልን" ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ሰሚ አጣ። ሰባት ሰዎች ዳግመኛ ሞቱ። አጣሪው ቦርድ የአደጋው መንስኤ አረፋው ብቻ እንዳልሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱ ባህልም የአረፋውን ያህል ድርሻ እንዳለው ጻፈ።

አገራችን ውስጥ "ዝም አይነቅዝም" የሚል አባባል አለ። ብዙ ሰው እንጀራውን ያቆየው በዚህ አባባል ነው፤ ስለዚህ አልቀልድበትም። ጥፋቱን ግን ማየት አለብን። በየመሥሪያ ቤቱ የሩብ ዓመት ሪፖርት ከወረዳ ሲነሳ "አልተሠራም" የነበረው፣ ዞን ሲደርስ "በመሠራት ላይ" ይሆናል፣ ክልል ሲደርስ "በአመርቂ ሁኔታ እየተከናወነ" ይሆናል፣ አዲስ አበባ ሲገባ ሪባን ለመቁረጥ ቀን ይያዝለታል። በመንገዱ ላይ አንድም ሰው የዋሸ አይመስለውም፤ ሁሉም ትንሽ ነው ያሳመረው። ያቺን ትንሽ ማሳመር ደግሞ አለቃው ራሱ ያስተማራት ናት። ባለፈው መጥፎ ወሬ ያመጣውን ሰው በስብሰባ መሀል ያሳፈረ ዕለት አስተምሯል። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል ኖሯል። ሰማዩ መታረስ ከጀመረ ቆይቷል፤ አራሾቹም አለቃን መጠየቅ ሳይችሉ ሰማይ ማረስ እንደማይቻል በሰው ሕይወት ተምረዋል።

እኛም በእርሻው ገብተናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው ታይዩዋን ስትተኮስ እንጦጦ ላይ ባለሥልጣኑም ዜጋውም ተሰብስቦ ተመልክቷል። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ መሬትን ከላይ ፎቶ የምታነሳ ሳተላይት ነበረች። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከቻይና አቻዎቻቸው ጋር በሥራዋ ተሳትፈዋል፤ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ተተክሏል። ሳተላይት ሲባል ብዙ ሰው ብረቱን ነው የሚያስበው። ለእኔ ዋናው ጥያቄ የሚጀምረው ፎቶው እንጦጦ ከደረሰ በኋላ ነው። ከላይ የታየው ጎርፍ ታች ላለው ሰው በስንት እጅ አልፎ ይደርሳል?

ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ ተናወጠች፤ መንገድ ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ ከዶፈን ተራራ ሥር እንፋሎትና አቧራ ተፈናጠቀ። የዓለም ሳይንቲስቶች ከሳተላይት በተወሰደ የራዳር ልኬት ከመሬት በታች ቅልጥ አለት እየተንቀሳቀሰ፣ ምድሩም እየተከፈተ መሆኑን ያሳዩ ነበር። ነዋሪዎችም ከአካባቢው ወጡ። የሳተላይቱ ወሬ የመጨረሻውን መንገድ የሚጓዘው በሰው አፍ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ያ አፍ ዳጉ ነው። በአፋር የጎርፍ፣ የርዕደ መሬትም ሆነ የወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ ለማድረስ የሚነሳ ተቋም ዳጉን ከሥራ ዕቅዱ ውጭ ካደረገ፣ ከሁሉ የተፈተነውን መስመር ትቶ አዲስ ገመድ ሊዘረጋ ነው።

ወደ ሉሲ ልመለስ፤ መልካም ወሬም ከታች ይመጣልና። መንኮራኩሯ መንገዷ ላይ ልታልፍበት የምትችል አንዲት ኢምንት አስትሮይድ እንዳለች አስልቶ ያገኘው ፈረንሳይ ኒስ በሚገኘው ታዛቢ ማዕከል የሚሠራው የቡድኑ ተባባሪ ራፋኤል ማርሻል ነው። በዕቅዱ ውስጥ ያልነበረች ናት። ቡድኑ ሐሳቡን ተቀበለው፤ የመከታተያ መሣሪያውን ለመፈተሽ ይረዳናል ብሎ ጉዞውን በጥቂቱ አስተካከለ። አስትሮይዷም ድንቅነሽ ተባለች። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ሉሲ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል እየተምዘገዘገች አለፈቻት። ፎቶዎቹ ሲደርሱ ድንቅነሽ ብቻዋን አልነበረችም፤ ጨረቃ አላት። ጨረቃዋ ደግሞ ሁለት ቋጥኞች ተነካክተው የተጣበቁባት ሆና ተገኘች። የፓነሉ ነገር ያስጨነቀው ቡድን ያልጠበቀውን አገኘ፤ ያገኘውም አንድ ሰው ከጎን ያነሳውን ሐሳብ አለቆቹ ስላልናቁት ነው።

ጨረቃዋ ሰላም የተባለችው በዲኪካዋ ሕፃን ስም ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. በፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ዲኪካ ላይ የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። ፊቷን ከአሸዋው ውስጥ መጀመሪያ ያየው የቡድኑ አባል ጥላሁን ገብረሥላሴ ነው። አጥንቶቹ ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው ስለነበር ፕሮፌሰሩ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ድንጋዩን ፍቀው ለማላቀቅ ከአምስት ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል። ቸኩለው ቢፈለቅቁት ኖሮ ዛሬ የምናውቃት ሰላም ባልኖረች። ሐዳር ላይም ታሪኩ ይመሳሰላል። ዓለም የሚያስታውሰው ዶናልድ ጆሃንሰንን ነው፤ ሲገባውም ነው፤ ከቶም ግሬይ ጋር ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ጥቂት ዞር ብለው በአንዲት ሸለቆ በማለፋቸው ነው ድንቅነሽን ያገኟት። ግን ሞሪስ ታዬብ የሐዳርን ምድር አስቀድሞ ባያጠና ጆሃንሰን እዚያ አይደርስም ነበር። በዚያው ዓመት ከድንቅነሽ ቀድመው የተገኙትን የጥንታዊ ሰው መንጋጋዎች ያገኘው ዓለማየሁ አስፋው ነው። ዓይኑ የሰላ መሆኑን አብረውት የሠሩት ሁሉ ይመሰክራሉ። የአፋር መንገድ መሪዎች ባይኖሩ ደግሞ አንዳቸውም ውሃ ያለበትን አያውቁም።

ሉሲ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዶናልድጆሃንሰን በተባለው አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። እኛ ዘንድ ዕለቱ ፋሲካ ነበር፤ ብዙዎቻችን ዶሮውን በልተን ተኝተናል። አስትሮይዱ 8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ መሀሉ የቀጠነ ሆኖ ተገኘ። አፋርና ሐዳር የሚሉት ስሞች የወጡት ለዚሁ አካል ነው።

በዕቅዱ መሠረት ሉሲ ዋነኛ መዳረሻዋ ከሆኑት ትሮጃኖች የመጀመሪያ የሆነውን ዩሪባቴስን የምታገኘው በነሐሴ 2019 ዓ.ም. ነው፤ የመጨረሻዎቹን ጥንድ አስትሮይዶች የምታልፈው ደግሞ በ2025 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የምትጓዘው በአንድ የተቆለፈና በአንድ ያልተቆለፈ ፓነል ነው፤ ይህም በየሪፖርቷ ላይ እንደዚያው ተጽፏል።